ከደሴ የመጣልኝ ሂና

ሂና ተቀቢ ያላለኝ ሰው የለም። አብራኝ የምትሠራው ሴት ብላኛለች፣ መስጊድ አጠገቤ የምትሰግደዋ ብላኛለች፣ ኦቴሎ ሰፈር ሥጋ የምገዛበት ሱቅ ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ፣ ማን እንደጠየቃት እንጃ፣ እሷም ብላኛለች። ሁሉም መጨረሻው ላይ "ናቹራል እኮ ነው" ይሉበታል። ሳማም ናቹራል ነው ብዬ መመለስ ያምረኝና ዋጥ አድርጌው አልፋለሁ። ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነው፤ ሽበት አስቸገረኝ ብዬ ያወራሁት እኔው ነኝ። ስለ ሽበቱ እንጂ ስለ ሌላው ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ሌላው ይሄ ነው፤ ከግንባሬ በላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ፀጉር የለኝም። ልጅ ሆኜ ደሴ ውስጥ ዓይኔ እስኪሳብ ድረስ ሹሩባ እየተሠራሁ ነው ያደግኩት። እዚህ ሲያትል ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ በየስድስት ሳምንቱ ፀጉር የሚያለሰልሰውን ሪላክሰር ስቀባ ኖርኩ። ሲያቃጥለኝ "ሊይዝልኝ ነው" እያልኩ ጥርሴን ነክሼ እታገሣለሁ። ያዘልኝ። ፊት ለፊት ያለው ተመልጦ አለቀ፣ የቀረው ሳስቶ ነጣ። ቤት ውስጥ ሻሽ አለኝ፣ ውጭ ሂጃብ፣ በምሠራበት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ደግሞ ሂጃቡ ላይ መረብ። አምስት ዓመት ሙሉ ከመታጠቢያ ቤቱ መስታወት በቀር ያየው የለም። ልጄም አላየችውም። እሷ ቤልቪው መሐንዲስ ናት፣ ቤቷም እዚያው ነው፣ እሑድ እሑድ ሬኒየር ቢች ያለው አፓርታማዬ መጥታ ምሳ በልታ ትሄዳለች።

እንግዲህ ከልጄ ጋር ያቀያየመችኝ ይቺው መላጣ ቦታ ናት። በእኛ ዘንድ ሴቶች ለብቻችን ስንሆን፣ በሩ ተዘግቶ መጋረጃው ሲጋረድ፣ ሂጃብ ይወልቃል። ፀጉር ተሠርቶ የሚመጣው፣ ሽቶው፣ ጭፈራው ሁሉ ለዚያ ነው። ልጄ ቀለበት ያሰረች ዕለት አንድ ክፍል ሙሉ ሴት ፀጉሩን በትኖ ሲጨፍር እኔ ብቻ ተሸፋፍኜ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ዋልኩ። የእጮኛዋ እናት ድምፅዋ ግድግዳ አልፎ የሚሰማ ሴት ናት። "የሙሽሪት እናት በርዷት ነው ወይስ ቅር ያላት ነገር አለ?" አለች። ሁሉም ሳቀ፣ ልጄ አልሳቀችም። መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳታስነሳ ወደ እኔ ዞረች።

"ማም፣ አትወጂውም አይደል?"

"ማን አለሽ?"

"ዜን ኋይ? ሁሉም ሰው አውልቋል እኮ።"

"ራሴን አሞኝ ነው።"

አላመነችኝም። እውነቱን ብነግራት ኖሮ ነገሩ እዚያው መኪና ውስጥ ያልቅ ነበር። አልነገርኳትም። መላጣ መሆኔን ከምታውቅ ልጁን ጠልታዋለች ብላ ብታዝንብኝ መረጥኩ፤ እንዲህ ያለሁ እናት ነኝ። ልጁን ደግሞ እወደዋለሁ። የጅማ ልጅ ነው። ቤቴ ሲመጣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የእኔንም ጫማ አብሮ ያስተካክላል፣ የሩዝ ከረጢት ተሸክሞ ያንን ሁሉ ደረጃ ሲወጣ አንድ ቀን አማርሮ አያውቅም።

ሰርጉ ሁለት ወር ሲቀረው ልጄ ደወለች። የሴቶቹን ፕሮግራም ከሰርጉ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ በቀን፣ ኮሚዩኒቲ ሴንተሩ አዳራሽ ውስጥ አድርጋዋለች።

"ዚስ ታይም ታወልቂያለሽ?" አለችኝ።

"አወልቃለሁ።"

"ፕሮሚስ?"

"ወላሂ።"

ስልኩን እንደዘጋሁ በራሴ ተናደድኩ። አሁን ባላወልቅ ልጄ ምርቃቴን ነፍጌያት ልትዳር ነው። መሐላውስ ቀላል ነው፣ ፀጉር ግን ከየት ይመጣል? ያን ጊዜ ነው የሁሉም ሰው ሂና ትዝ ያለኝ። ቀለም ይዞ ትንሽ ወፈር ካለልኝ፣ ከኋላ ያለውን ወደፊት አበጥሬ ባዶውን ቦታ እሸፍነዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ኦቴሎ ሄጄ "ጥቁር ሂና" የሚል ካርቶን ገዛሁ። ላዩ ላይ ፀጉሯ ወገቧ የደረሰ ሴት አለች። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ራሴ ነደደ። ታጥቤ ጣልኩት፤ ጆሮዬ ሥር ግን ለሁለት ቀን አብጦ ከረመ። ሂና የሚባል ነገር በተፈጥሮው ጥቁር እንደሌለው፣ ጥቁር የሚያደርገው የተቀላቀለበት ኬሚካል እንደሆነ የነገረችኝ ያቺው ተቀቢ ያለችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ቀድማ ብትነግረኝ ምን ነበረበት።

ደሴ ለእናቴ ደወልኩ። ለእሷም የነገርኳት ስለ ሽበቱ ብቻ ነው።

"አንች ልጅ፣ የካርቶን ሂና ደግሞ ሂና ነው?" አለችኝ። "ቅጠሉን ከባቲ አስመጥቼ፣ እኔው ወቅጬ እልክልሻለሁ። ፀጉር ያጠነክራል፣ የወደቀውን ይመልሳል።"

የወደቀውን ይመልሳል ያለችው ልቤ ውስጥ ገባ። ይህን ያህል ዕድሜ ኖሬ እንደ ሕፃን አመንኩ።

ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንዲት የአዲስ አበባ ሴትዮ ይኖራሉ። ሰባ ሊሞላቸው ነው፣ እትዬ ነው የምላቸው። ክርስቲያን ናቸው፣ ለማኅበራቸው ጠላ የሚጠምቁት እሳቸው ናቸው። እኔ ጠላውን አልቀምሰውም እንጂ ባልዲውን በደረጃ የማወርድላቸው እኔ ነኝ። ያን ሰሞን እህታቸውን ሊጠይቁ አገር ቤት ሄደው ስለነበር፣ እናቴ ሂናውን በሰው እስከ አዲስ አበባ ሰደደችላቸው።

የሴቶቹ ፕሮግራም አሥር ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ዕለት፣ ተመለሱ። ሻንጣቸውን ሳሎናቸው መሐል ዘርግፈው ሁለት ጥቁር ፌስታል አነሡ። ሁለቱም እኩል፣ ሁለቱም በቡናማ ፕላስተር የተጠፈሩ፣ ሁለቱም ላይ አንዲት ፊደል ያልተጻፈባቸው። አንዱ የእኔ ሂና ነው። ሌላው የእሳቸው ጌሾ ነው፣ ለጠላ የሚሆን፣ ቅጠሉ ተወቅጦ የደቀቀ። አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እጃቸው መዘን መዘን አደረጉና የግራውን ሰጡኝ።

"እርግጠኛ ነዎት እትዬ?"

"እኔ የቋጠርኩትን እኔ አጣዋለሁ?"

እኔም ማንን እወቅሳለሁ፤ የእኔ ፍሪዘር ከዚያ አይሻልም። ሽሮው በእርጎ ዕቃ፣ ቅቤው በአይስክሬም ዕቃ፣ ሚጥሚጣው በቡና ቆርቆሮ ነው ያለው። ልጄ አንድ ጊዜ ማርከርና ተለጣፊ ወረቀት ገዝታ መጥታ "ማም፣ ፕሊዝ፣ ጻፊበት" ብላ ለመነችኝ። የገዛ ቤቴን ዕቃ አላውቅም እንዴ ብዬ ማርከሩን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ፌስታሉንም እንደታሰረ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ለእናቴ በቪዲዮ ደውዬ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ ሥራ ጀመርኩ። እናቴ በቪዲዮም ቢሆን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ነው የምታወራው። እኔ ጉትቻዋን አያለሁ፣ እሷ ምንም አታይም።

"ሻይ አፍይና ቅርንፉድ ጨምሪበት።"

"ጨመርኩ።"

"ቅርንፉድ ደግሞ ራስ ያቃጥላል።"

"አሁን ጨምሪ አላልሽኝም?"

"እሱን ተይውና ሎሚ ጭመቂ። እንቁላልም የሚያስገቡ አሉ።"

"እንቁላል ላስገባ?"

"እኔ አስገቢ ወጣኝ? ይሸታል።"

ፌስታሉን ፈታሁት። ዱቄቱ አረንጓዴ ነው፣ ሂናም አረንጓዴ ነው። ሻካራ ነው፣ እናቴ በሙቀጫ ስለወቀጠችው ነው። ትኩሱ ሻይ ሲነካው የወጣው ሽታ መራራ ነው፣ አፍንጫዬን በልቶ ሦስት ጊዜ አስነጠሰኝ። የካርቶኑ ሂና እንዲህ አይሸትም ነበር፤ የካርቶኑ ግን ናቹራል አልነበረም። ለእያንዳንዱ ጥርጣሬዬ መልስ አዘጋጅቼ ራሴን ስሸነግል ዋልኩ።

ጓንት አጥልቄ ለጥፌ ለጥፌ፣ በላዩ ፌስታል፣ በፌስታሉ ላይ ፎጣ ጠምጥሜ አምስት ሰዓት ተቀመጥኩ። መደገፍ የለ፣ መተኛት የለ። ጭማቂው በአንገቴ እየወረደ ጀርባዬን አራሰው። በሩ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ፣ አልከፈትኩም። በመጨረሻ ስታጠብ ገለባው የገንዳውን ቀዳዳ ደፈነው፣ ተንበርክኬ በሹካ አወጣሁት። ከዚያ መስታወት አየሁ። ሽበቴ እንደነበረ ነው። እንኳን ሊቀላ ዳማ እንኳ አላለም። ያገኘሁት ነገር ቢኖር መድረቅ ነው።

"አልቆየማ፣" አለች እናቴ። "ደግሞ የዚያ አገር ውሃ ነው። ድገሚው።"

እሑድ ጠዋት ለልጄ ደውዬ "አሞኛል፣ ዛሬ አትምጪ" አልኳት። "ኦኬ" ብላ ዘጋችው። ያቺ ኦኬ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ነበረች። የቀረውን ዱቄት በጠበጥኩት፣ ስምንት ሰዓት አቆየሁት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ማታ ላይ ያው ነጭ ፀጉር፣ ያው መላጣ፣ ብቻ አሁን የወገብ ሕመም ተጨምሮበታል።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተጣደ ውሃ እስከ ምሳ ሰዓት የሚፈላበት ቤት ነው፣ እንፋሎቱ ልብስ ያርሳል። ራሴ በሂጃቡ ውስጥ ሲሞቅ ያቺ የሂና አማካሪዬ አጠገቤ መጥታ አየሩን ማሽተት ጀመረች።

"ማን ቤት ነው ድግሱ? ጠላ ጠላ ይለኛል።" ጠጋ አለች። "ካንቺ ነው እኮ።"

ደሜ ፈላ። ጠላ ከንፈሬን ነክቶት አያውቅም። ከሰው ሁሉ መርጣ ለእኔ እንዲህ ትላለች ብዬ ልመልስላት አፌን ከፈትኩና እዚያው ቀረሁ። የእትዬ ቀኝ እጅና ግራ እጅ መጣብኝ። የያዝኩትን ትሪ አስቀምጬ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ጌሾ ተቀብቼ ነው የከረምኩት።

ከሥራ እንደወጣሁ ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ እሳቸው ዘንድ ወጣሁ። በሩን የከፈቱት እሳቸውም ተናደው ነው።

"ደግ መጣሽ። ነይ እስቲ ይሄን ጉድ እዪልኝ።"

ወጥ ቤታቸው ወለል ላይ የጥንስሳቸው ባልዲ ተቀምጧል። ክዳኑን አነሡት። ውስጡ ያለው ነገር እንደ ዝገት የቀላ ነው።

"ከአርብ ጀምሮ እንዲህ ነው። አይፈላ፣ ምን አይል። የዚህ አገር ውሃ እኮ ነው። እጄንም እዪው፣ አለርጂ ሳይሆን አይቀርም።"

እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሲያማስሉበት የከረሙት ቀኝ እጃቸው እስከ አንጓው ድረስ ሂና ይዟል። እንዴት ያለ ቀለም መሰላችሁ፤ ብርቱካን ሆኖ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ጥፍሩ ድረስ የጠገበ። እኔ አሥራ ሦስት ሰዓት ተቀምጬ ያጣሁት ቀለም ነው።

"እትዬ፣ ይሄ የእኔ ሂና ነው።"

"የምን ሂና?"

"የሰጡኝ ጌሾ ነው። ሁለቴ ተቀባሁት።"

ባልዲውን አዩ፣ እጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ጥፋቱ የእኔ ሆነ።

"አንቺስ አፍንጫ የለሽም? እኔ ከዚያ ወረርሽኝ ወዲህ አላሸትም፣ ታውቂያለሽ።"

"ጌሾ ምን እንደሚሸት በምን ልወቅ? እኛ ቤት አይጠመቅ።"

"ሂናስ ምን እንደሚሸት አታውቂም?"

ወደ ባልዲው ዞርኩ። "ሁሉንም ነው የጨመሩት?" አልኳቸው።

"ሁሉንም። ማኅበሩ ሰፊ ነው።" ጎንበስ ብለው ባልዲውን አማሰሉት። "ሂናሽ እንደሆነ አልጠፋም፣ እዚሁ ነው ያለው። ዝቅ በይና ላፍስስብሽ።"

ቀልዳቸውን አልነበረም። እኔም ልሳቅ ብዬ ነው ያለቀስኩት። ከንዴት ነው፣ ከድካምም ነው፤ የሴቶቹ ፕሮግራም አምስት ቀን ቀርቶታል፣ እናቴ ከባቲ አስመጥታ የወቀጠችው ሂና ባልዲ ውስጥ ነው። ፊቴን በሂጃቡ ጫፍ ስጠርግ ጨርቁ ከሥሩ ካለው ሻሽ ጋር ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ስመልሰው ረፈደ፤ አይተውታል።

እትዬ የባልዲውን ክዳን መለሱት። ወንበር ሳቡልኝ፣ ተቀመጥኩ፣ እሳቸውም ተቀመጡ። የቀለበቱን ዕለት፣ መኪና ውስጥ የተባባልነውን፣ መሐላዬን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

"ልጅሽ ይሄን አታውቅም?"

"አታውቅም።"

"ልጁን ጠልታብኛለች ብላ ነው የምታስበው?"

"አዎ።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አንቺ ደብቀሽ ያሳመምሽው ግን እሷን ነው። ውረጂና ደውይላት።"

ሂናዬን ለጠላ የነከሩ ሴትዮ ደግሞ ሊመክሩኝ ተነሡ ብዬ እየተቃጠልኩ ወረድኩ። እውነታቸውን ስለሆነ ነው ያቃጠለኝ። ሳሎኔ ውስጥ ቆሜ ደወልኩ።

"ሥራ ላይ ነሽ?"

"አዎ። ምን ሆነሽ?"

"ምንም አልሆንኩ። ነይ።"

"ትናንት አትምጪ ብለሽኝ ዛሬ ነይ?"

"ነይ ብዬሻለሁ።"

ሰዓት ሳይሞላ መጣች። የሥራ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጫማዋንም አላወለቀችም።

"የማይሆን ቦታ ነው ፓርክ ያደረግኩት፣ ሶ ቶሎ ንገሪኝ።" በሩን ሳትዘጋው ቆመች። ፊቷ የመጣውን ሊቀበል የተዘጋጀ ሰው ፊት ነው። "እንድተወው ልትነግሪኝ ነው አይደል?"

ሂጃቡን አወለቅኩት፣ ከሥሩ ያለውን ሻሽም ፈታሁት፣ ጎንበስ አልኩላት።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ በሩን ዘግታ መጣች። ጣቶቿን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈች፤ ከሕፃንነቷ ወዲህ ራሴን ስትነካኝ የመጀመሪያዋ ነው።

"ይሄ ነው?" አለችኝ።

"ይሄ ነው።"

"ያን ቀንም ይሄ ነበር?"

"ይሄው ነበር። ልጁን አልጠላሁትም። ማን ይጠላዋል?"

ሶፋው ላይ ቁጭ አለችና ወለሉን አየች። ልጄ ሙሉ አማርኛ የምትናገረው በጣም ሲከፋት ነው።

"ሰርጉ መጀመሪያ ኤፕሪል ላይ ነበር፣ ታስታውሻለሽ? አዳራሽ ጠፋ ብዬ ወደ ኦክቶበር ነው ያዛወርኩት። አዳራሽ አልጠፋም ነበር። እናቴ እስክትወድህ ድረስ እንጠብቅ አልኩት። እሺ አለኝ።"

"ለምን አትነግሪኝም ነበር?" ብዬ ጮህኩባት።

"አንቺስ?"

እንደ ሁለት ሞኞች ተያየን። ያ ልጅ ስድስት ወር ሙሉ ሩዜን እየተሸከመ፣ ጫማዬን እያስተካከለ፣ እወደው እንደሆነ ፊቴን ሲያይ ከርሟል። እኔ ደግሞ የሚያየው ራሴን መስሎኝ ሻሼን ሳጠብቅ ነው የከረምኩት። እንዲህ በራሴ አፍሬ አላውቅም።

"ደውይለትና ስጪኝ፣" አልኳት።

ደውላ ሰጠችኝ። ሰላምታ እንኳ አላስጨረስኩትም። ፀጉር የለኝም አልኩት፣ ቀለበቱ ዕለት ያላወለቅኩት ለዚህ ነው አልኩት፣ ለወለደችኝ እናት ያልነገርኩትን ሁሉ ለጅማው ልጅ ዘርግፌ ነገርኩት። ጨርሼ ስቆም በስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ይሰማኛል።

"እና... አልጠሉኝም?" አለኝ።

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እወድሃለሁ፣" አልኩት። ይቺን ለማለት ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ ጊዜ ፀጉር እስኪበቅልልኝ ስጠብቅ የኖርኩት።